የተረሳው ሦስተኛ ሠንጠረዥ

አንድ ገጽ ሲንቀራፈፍ ከሶፍትዌር ሠሪዎች አፍ ቶሎ የሚወጣ ፍርድ አለ፦ «ኦአርኤም ዘገምተኛ ነው፤ ኤስኪውኤሉን በእጃችን እንጻፈው።» ኦአርኤም በኮድ የጻፍነውን ወደ ዳታቤዝ ቋንቋ፣ ወደ ኤስኪውኤል፣ የሚተረጉም መሣሪያ ነው። በፍርዱ ግን አልስማማም። የፓይተኑን የድር ፍሬምወርክ ጃንጎን ብንወስድ፣ የብዙ ለብዙ ግንኙነት የሚዘገየው በአብዛኛው ፍሬምወርኩ ከዓይናችን የሰወረውን ሦስተኛ ሠንጠረዥ ስለምንረሳው ነው።

ተማሪና ኮርስን እንውሰድ፤ አንድ ተማሪ ብዙ ኮርስ፣ አንድ ኮርስም ብዙ ተማሪ አለው። ሞዴሉ (ሠንጠረዡን የሚገልጸው የፓይተን ኮድ) ላይ ግንኙነቱ አንዲት መስመር ናት። ዳታቤዙ ውስጥ ግን በየረድፉ የአንድ ተማሪና የአንድ ኮርስ መለያ ቁጥር የሚይዝ መካከለኛ ሠንጠረዥ አለ። 200 ኮርስ አምጥቶ በሉፕ የየኮርሱን ተማሪዎች የሚጠራ ኮድ ለኮርሶቹ 1፣ ለተማሪዎቹ 200፣ በድምሩ 201 ኩዌሪ (ለዳታቤዙ የሚቀርብ ጥያቄ) ይልካል። አንዱ ደርሶ ለመመለስ 2 ሚሊሰከንድ ቢፈጅ፣ 402 ሚሊሰከንድ በምልልስ ብቻ አለቀ ማለት ነው። በ5 ኮርስ የሚሞክረው ሰው ግን ይህ አይታየውም።

እዚህ ላይ ሴሌክት_ሪሌትድ አይረዳም፤ እሱ በጆይን (ሠንጠረዦችን በማጣመር) የሚያመጣው በፎሪን ኪ (ወደ ሌላ ሠንጠረዥ ረድፍ በሚጠቁም መለያ) ወይም በአንድ ለአንድ ግንኙነት የተያያዘን አንድ ነገር ብቻ ነው። የሚያስፈልገው ፕሪፌች_ሪሌትድ ነው። መጀመሪያ ኮርሶቹን፣ ቀጥሎ የሁሉንም ኮርሶች ተማሪዎች በአንድ ኩዌሪ አምጥቶ ፓይተን ውስጥ ያዛምዳቸዋል። 201 የነበረው 2 ሆነ።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ እፎይ ይላል፤ ችግሩ ግን በሌላ በር ይመለሳል። ሉፑ ውስጥ ሁሉንም የሚያመጣው የኦል ጥሪ ወደሚያጣራው ፊልተር ከተቀየረ፣ ተዘጋጅቶ የተቀመጠው ውጤት ይታለፍና ለየኮርሱ አዲስ ኩዌሪ ይላካል። ያኔ 202 ነው፤ ከመጀመሪያው የባሰ። ማጣሪያውን ፕሪፌች በሚባለው ኦብጀክት ውስጥ ማስገባት፣ ውጤቱንም በቱ_አትር የራሱን ስም መስጠት ይገባል። ከየኮርሱ 3 ተማሪ ብቻ ከተፈለገም ሁሉንም መጫን አያስፈልግም፤ ከጃንጎ 4.2 ጀምሮ በፕሪፌች ውስጥ ያለውን ኩዌሪሴት (ኩዌሪው የሚያመጣውን ዝርዝር) መቁረጥ ይቻላል። 200 ኮርስ እያንዳንዱ 500 ተማሪ ቢኖረው 100,000 ኦብጀክት ሜሞሪ ላይ እንደሚቆለል አስቡት።

ከመዘግየት ይልቅ እኔን የሚያስጨንቀኝ የተሳሳተ መልስ ነው፤ ዝግታ ይታያል፣ የተሳሳተ ቁጥር ግን ሪፖርት ላይ ታትሞ ይወጣል። 30 ተማሪና 3 መምህር ባለው ኮርስ ላይ ሁለቱንም በአንድ አኖቴት (ለየኮርሱ ስሌት በሚጨምር ጥሪ) ብትቆጥሩ፣ ጆይኑ ረድፎቹን ያባዛቸውና ሁለቱም 90 ይሆናሉ። ድግግሞሽን የሚያስቀረው ዲስቲንክት ቁጥሩን ያስተካክለዋል፤ ዳታቤዙ ግን 90ውን ረድፍ መሥራቱ አይቀርም። ስለዚህ ዝርዝሩ ትልቅ ሲሆን ለየቆጠራው የተለየ ሰብኩዌሪ (በኩዌሪ ውስጥ ያለ ኩዌሪ) እመርጣለሁ። በተማሪ ተጣርቶ የመጣ የኮርስ ዝርዝር ውስጥ አንድ ኮርስ ደጋግሞ ሲታይም ምክንያቱ ይኸው ጆይን ነው፤ «አለ ወይ?» ብቻ ለሚል ጥያቄ ኤግዚስትስ ይበቃል።

የፊልተር አጻጻፍም ትርጉም ይለውጣል። ከተማና ጾታ በአንድ ፊልተር ውስጥ ሲገቡ ሁለቱንም የሚያሟላ አንድ ተማሪ ይፈለጋል። ሁለት ፊልተር ሲቀጣጠሉ ግን አንዱን ሁኔታ አንድ ተማሪ፣ ሌላውን ሌላ ተማሪ ቢያሟላም ኮርሱ ያልፋል።

የምዝገባ ቀን ለመያዝ መካከለኛውን ሠንጠረዥ «ስሩ» (through) በሚባለው አማራጭ ራሳችሁ ከሠራችሁት፣ ጃንጎ ለራሱ ሠንጠረዥ የሚያደርገውን፣ አንድ ጥንድ እንዳይደገም የሚከለክል ገደብ ለእናንተ አይጨምርላችሁም። ዩኒክ ኮንስትሬይንት ካልጻፋችሁ አንድ ተማሪ አንድ ኮርስ ላይ ሁለቴ ሊመዘገብ ይችላል።

ይህ ሁሉ በዓይን ብቻ አይጠበቅም። የኩዌሪን ብዛት በሚያረጋግጠው በአሰርት_ነም_ኩዌሪስ አንድ ቴስት ጻፉ፤ በ3 ኮርስ አስኪዱት፣ ከዚያ በ30። የኩዌሪው ቁጥር ከኮርሱ ጋር ካደገ ኮዱ ወደ ሰርቨር አይውጣ።