ታተመ እንጂ አልተነገረም

በጎረቤታችን በኬንያ በቅኝ ግዛት ዘመን ስለተፈጸመው የመሬት ነጠቃ በተነሣ ቁጥር፣ የእንግሊዝን አስተዳደር የሚከላከሉ ወገኖች የሚያቀርቡት አንድ የተለመደ መከራከሪያ አለ። መሬቱ የተወሰደው በሕግ ነው፤ ድንጋጌው ወጥቷል፣ መሬቱ ተለክቷል፣ ማስታወቂያውም በመንግሥት ጋዜጣ ታትሞ ይፋ ሆኗል ይላሉ። መታተሙ እውነት ነው። የዚያ ዘመን ጋዜጣ ቅጂዎች ዛሬ በበይነ መረብ ላይ ስለሚገኙ ማንም ገልጦ ሊያነባቸው ይችላል። እኔ ግን ገጾቹን ባገላበጥኩ ቁጥር ይበልጥ የታየኝ፣ ጋዜጣው የተጻፈው ከአውሮፓ ለመጣው ሰፋሪ ገበሬ መሆኑ ነው። ስለ አፍሪካዊው ብዙ ይናገራል፤ ለአፍሪካዊው የሚናገረው ግን የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ «ታትሟል» የሚለው ቃል «ባለመሬቱ ሰምቷል» ለሚለው ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብ አይገባም ባይ ነኝ። (ዓመታቱን ሌላ ካላልኩ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።)

ጋዜጣው መታተም የጀመረው በ1899 ነው። ያኔ የምሥራቅ አፍሪካ (የኋላዋ ኬንያ) እና የዩጋንዳ ግዛቶች በአንድነት ይጠቀሙበት ነበር። ሰፋሪዎቹ ከገቡ በኋላ የታተሙትን ገጾች የሚያነብ ሰው የአንድ የእርሻ አውራጃ ኑሮ ፊቱ ይደቀናል። የከብት በሽታ ገብቷልና ከዚህ እርሻ ከብት እንዳይወጣ የሚል እገዳ ያገኛል፤ ዝቅ ሲል የከብት መተኮሻ ምልክት ያስመዘገቡ ሰዎች ዝርዝር አለ፤ ቀጥሎ የመጠጥ ቤት ፈቃድ፣ የመንገድ ጉዳይ፣ የሟቾች ውርስ። ከሁሉ ይበልጥ ያቆመኝ ይህ የውርስ ማስታወቂያ ነው። አንድ ሰፋሪ ሲሞት፣ ከእርሱ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ሁሉ እስከዚህ ቀን ድረስ መጥቶ ያስታውቅ ተብሎ ቀን ተቆርጦ ይጻፋል። ለአንድ የሱቅ ዱቤ ጠያቂ ይህን ያህል የሚጠነቀቀው ወረቀት፣ የአባቶቹ ማሳ ድንገት የእርሻ ቁጥር ለተሰጠው ቤተሰብ ቀን አልቆረጠለትም። እርሻዎቹ በመዝገብ የሚታወቁት በቁጥር ነበርና። የዛሬዋ የኤልዶሬት ከተማ የበቀለችው 64 ቁጥር በተባለው እርሻ ላይ ሲሆን፣ የአካባቢው ሰው የእንግሊዝኛውን ቁጥር ለአንደበቱ አመቻችቶ «ሲሲቦ» ይላት ነበር።

በ1902 የወጣው የመሬት ድንጋጌ አገሬው በእጁ የያዘውን መሬት መሸጥም ሆነ በሊዝ መስጠት ይከለክል ነበር። ይሁን እንጂ መሬቱ ተይዟል ወይስ አልተያዘም የሚለውን የሚወስነው የባለሥልጣኑ ዓይን ነበር። በ1890ዎቹ መጨረሻ ድርቅ፣ ፈንጣጣና የከብት ደስታ በናይሮቢ አቅራቢያ ያሉትን የኪአምቡን ኪኩዩዎች አራቁተዋቸው፣ ከሞት የተረፉት ብዙዎቹ ወደ ሰሜን ወደ ዘመዶቻቸው ተሰደው ነበር። (እኛን ለክፉ ቀን የዳረገን የከብት ደስታ በምጽዋ በኩል ገብቶ ወደ ደቡብ የወረደው ያው ወረርሽኝ ነውና ይህ ታሪክ ለእኛ ሩቅ አይደለም።) ሰፋሪው ሲደርስ ያየው ዳዋ የለበሰ ማሳ ነበር። ባለማሳዎቹ ክፉው ቀን ሲያልፍ ተመልሰው ሲመጡ መሬታቸው ለሌላ ተመርቶ ጠበቃቸው፤ ብዙዎቹም በገዛ ርስታቸው ላይ ጭሰኛ ሆነው ቀሩ። ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ በሚባልበት አገር ያደገ አንባቢ፣ የ1902ቱ ሕግ 99 ዓመት ያደረገውን የሊዝ ዘመን የ1915ቱ ሕግ ወደ 999 ዓመት እንዳራዘመው ሲሰማ ምን እንደሚሰማው አውቃለሁ። ያው የ1915 ድንጋጌ አገሬው የሰፈረበትን መሬት ሳይቀር የእንግሊዝ ዘውድ፣ ማለትም የመንግሥት፣ መሬት አድርጎታል። በ1921ም ፍርድ ቤት አፍሪካዊው በዘውዱ ፈቃድ ብቻ የሚቀመጥ ተከራይ ነው ሲል ወሰነ።

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ በ1919፣ ለተመላሽ ወታደሮች እርሻ ሲታደል ዕጣው የወጣው ናይሮቢ ውስጥ በአንድ ቲያትር ቤት ነበር። ከ2 ሚሊዮን ኤክር በላይ መሬት በዚህ ፕሮግራም ተደለደለ። በምዕራብ ኬንያ በኪፕሲጊስ አገር በኬሪቾ ደግሞ ለአካል ጉዳተኛ መኮንኖች ማኅበር ተልባ እንዲያመርቱበት 25 ሺህ ኤክር ተሰጠ። የተልባ ዋጋ ወዲያው ስለወደቀ ማኅበሩ ፈረሰ፤ መሬቱ ግን ለኪፕሲጊስ ሕዝብ አልተመለሰም፣ የሻይ ኩባንያዎች ተተኩበት።

ይህ ሁሉ ሲሆን አፍሪካዊው ምንም አይነገረውም ነበር ማለቴ አይደለም። የአውራጃው ገዥ ባራዛ የሚባለውን ጉባኤ ይጠራል፣ የቀበሌው ሹም ሕዝቡን ይሰበስባል፣ አስተርጓሚው መሃል ይቆማል። እዚያ የሚነገረው ግን የጎጆ ግብር፣ የመንገድ ሥራና የጉልበት ሠራተኛ ጥሪ ነው። አፍሪካውያን ወንዶች እንዲመዘገቡ የሚያስገድደው ሕግ ከ1920 ገደማ ጀምሮ ሥራ ላይ ሲውል ያልሰማ ወንድ አልነበረም፤ በአንገቱ ላይ ተንጠልጥሏልና። ኪፓንዴ ይባላል። ትንሽ የብረት ማኅደር ነው፤ ውስጡ የታጠፈ ወረቀት አለ፤ ወረቀቱ ላይ የጣት አሻራ፣ የአሠሪው ስም፣ ደመወዝ፣ የተቀጠረበትና የተሰናበተበት ቀን ይሰፍራል። አሠሪው ማሰናበቱን ካልፈረመለት ሰውየው ሌላ ዘንድ ሊቀጠር አይችልም። መንግሥት እንዲሰማ የፈለገውን ነገር እያንዳንዱ አንገት ድረስ ማድረስ ይችል ነበር ማለት ነው። የመሬቱ ማስታወቂያ ያልደረሰው መንገድ ጠፍቶ አይደለም።

በእኛ አገር አዋጅ ነጋሪው ገበያ መሃል ቆሞ፣ ነጋሪት አስጎስሞ፣ «የሰማህ ላልሰማ አሰማ» ይል ነበር፤ በ1934 ዓ.ም. የተቋቋመው የሕግ ጋዜጣችንም ስሙን የወረሰው ከዚሁ ነው። በነጋሪት የታወጀ ሁሉ ፍትሕ ነበር ብዬ አልከራከርም። የሚጎዳበት ሰው ግን አዋጁን በቋንቋው፣ በአደባባይ፣ ከጎረቤቱ ጋር ቆሞ ይሰማው ነበር።

ለነጭ ሰፋሪዎች በተከለለው፣ «የነጮች ደጋ» በሚባለው ምድር የአካባቢ አስተዳደር ሲቋቋም ነገሩ ይብስ ተካረረ። በ1928 የወጣው ሕግ ለሰፋሪዎቹ አውራጃዎች ምክር ቤት ሰጣቸው፤ መራጩም ተመራጩም ሰፋሪው ሲሆን ዋና ሥራቸው መንገድ ነበር። በ1937 የወጣውና ከ1940 ጀምሮ የተሠራበት የጭሰኞች ሕግ ግን ትልቅ ሥልጣን ጨመረላቸው። በአውራጃው ስንት ጭሰኛ ይኑር፣ ምን ያህል መሬት ይረስ፣ ስንት ከብት ያርባ፣ በዓመት ስንት ቀን ለጌታው ይሥራ የሚለውን እንዲወስኑ ተፈቀደላቸው። በ1918 ሕግ 180 የነበረው የሥራ ቀን ወደ 240፣ በአንዳንድ አውራጃም ወደ 270 ከፍ አለ። ድልድይ ስለመጠገን የሚመክሩት ሰዎች፣ በዚያው ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው፣ ድምፅ የሌለው ቤተሰብ ላሞቹን እንዲሸጥ የሚያስገድድ ደንብ ያጸድቁ ነበር። የአካባቢ ጉዳይ የሚባለው ቃል እንዲህ ያለውን ውሳኔ ሲሸፍን ሳይ እቆጫለሁ።

ማስታወቂያው ሳይነገር የቀረው በቸልተኝነት ነው ለሚለኝ ሰው የማሳየው በምዕራብ ኬንያ የምትገኘውን የካካሜጋን ጉዳይ ነው። ለአፍሪካውያን የተከለሉት መሬቶች ወሰን በጋዜጣ የታወጀው በ1926 ነው። በ1930 ደግሞ እነዚህ መሬቶች ለዘለዓለም የአገሬው ይሁኑ የሚል ሕግ ወጣ። ያ ሕግ ሁለት ነገሮችን ቃል ገብቶ ነበር፤ ከተከለለው መሬት ላይ ቢቆረጥ በልኩ ሌላ መሬት እንዲተካ፣ ጉዳዩም አስቀድሞ ለአካባቢው የአገሬው ምክር ቤት እንዲነገር። በዓመቱ፣ በ1931፣ ካካሜጋ ላይ ወርቅ ተገኘ። በታኅሣሥ 1932 ሕግ አውጪው ምክር ቤት ማሻሻያ በጥድፊያ አጸደቀ፤ ለወርቅ ቁፋሮ ለሚወሰደው መሬት በመሬት ፈንታ ገንዘብ ይበቃል፣ ለአገሬው ምክር ቤትም አስቀድሞ መንገር አያስፈልግም አለ። ልብ በሉ፣ ተቃውሞውን ሰምቶ ውድቅ ማድረግ ይችል ነበር፤ የሰረዘው ግን መንገርን ራሱን ነው። ሕግ አውጪው ማስታወቂያ ምን ጉልበት እንዳለው በሚገባ ያውቅ ነበር፤ ባያውቅ ኖሮ ያንን አንቀጽ ለማንሣት ባልቸኮለ ነበር።

ሰዎቹ ታዲያ ዝም አላሉም። በ1928 የኪኩዩ ማዕከላዊ ማኅበር «ሙይጊዊታኒያ» የተባለ ጋዜጣ በኪኩዩ ቋንቋ ማሳተም ሲጀምር አዘጋጁ ኋላ የኬንያ መሪ የሆኑት ጆሞ ኬንያታ ነበሩ። ከ1932 እስከ 1934 የሠራው የመሬት ኮሚሽንም በርካታ አቤቱታዎችን ሰምቷል። በአገሬው ቋንቋ የተጻፈ ነገር ሲገኝ የሚያነብና ላላነበበው የሚያነብለት ሰው እንዳልጠፋ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያሻም።

ወደ ኬሪቾ ልመለስና፣ በ1934 ያው ጋዜጣ አንድን ጎሣ ብቻ ለይቶ የሚመለከት ሕግ አወጣ። የታላይ ጎሣ ሰዎች ከኪፕሲጊስ አገር ተነሥተው በቪክቶሪያ ሐይቅ አጠገብ ወዳለው፣ ሙቀትና ወባ ወደሞላው ጉዋሲ ተጋዙ። የኬንያ ብሔራዊ የመሬት ኮሚሽን የኪፕሲጊስንና የታላይን አቤቱታ መርምሮ በደሉን የተቀበለው በ2019 ሲሆን፣ ውሳኔው የታተመው በዚሁ ጋዜጣ፣ ያኔ በተጻፈበት በዚያው በእንግሊዝኛ ቋንቋ ነው። ከጉዋሲ በልጅነታቸው የተመለሱት ዛሬ ሽማግሌዎች ናቸው። የኬንያ መንግሥት ያንን ውሳኔ ለእነርሱ በቋንቋቸው፣ በኬሪቾ ገበያ፣ ጮክ አድርጎ የማንበብ ግዴታ አለበት፤ ዕድሜያቸው ደግሞ ብዙ ቀጠሮ አይሰጥም።