ጥርሴን ነክሼ ስተኛ

ዛሬ ጠዋት እናቴ ናይት ጋርዴን፣ ስተኛ ጥርሴ ላይ የማጠልቀውን ላስቲክ፣ ቀቀለችው።

አዎ፣ እንደ ድንች። ትናንት ማታ "ይኼ ላስቲክ ሽታ አምጥቷል" ስትል ሰምቻታለሁ። ግን የፈላ ውኃ ይደፋበታል ብዬ በየት በኩል ልጠርጥር? ስነሳ ረከቦቱ አጠገብ፣ ብርጭቆ ውስጥ ተጨማዶ ተኝቷል። "ጀርሙን ገደልኩልሽ የኔ ዓለም" አለችኝ ደስ ብሏት። እናት ላይ ምን ይባላል? ጥርሴን ነክሼ ዝም አልኩ። ችግሩም ይኸው ጥርስ መንከስ አይደል?

ለማታውቁ ልንገራችሁ። ሌሊት ጥርሴን አፋጫለሁ። ስንት ዓመት እንደሆነው አላውቅም፤ ተኝቼ እኮ ነው! የሚያውቀው ባለቤቴ ነው። "ወፍጮ ቤት ጎን የተከራየሁ ይመስለኛል" ይላል። እኔ የማውቀው ጠዋት ጠዋት ጆሮ ግንዴን ሲወግረኝና መንጋጋዬ አልከፈት ሲል ነው። ስንት ኪኒን ዋጥኩ። ዓይኔ ነው ብዬ መነጽር ሁሉ ተለክቻለሁ። አንድ ቀን ቆሎ ስቆረጥም ጠጠር አገኘሁና እህቴን "አትለቅሚም እንዴ!" ብዬ ጮህኩባት። መዳፌ ላይ ተፍቼ ሳየው የገዛ ጥርሴ ነው። የኋላው፣ ጠርዙ ተሸርፎ።

ሐኪሙ አፌን ገና ሲያየው "ታፋጫለሽ አይደል?" አለኝ። ጥርሶቼ ጫፋቸው እንደ ተሞረደ ልሙጥ ሆኗል። ኢናሜል የሚባለው የላይኛው ልባስ ከሰውነታችን ሁሉ ጠንካራው ነገር ነው አሉ፤ ግን አንዴ ካለቀ እንደ ጥፍር ተመልሶ አይበቅልም። እኔ በነጻ፣ በእንቅልፌ እየሞረድኩት ኖሬያለሁ።

ከዚያ የናይት ጋርዱ ልኬት። ሊጥ የመሰለ ነገር በብረት ሳህን አድርገው አፍሽ ውስጥ ይጭኑልሻል። ለሃጬ እየወረደ፣ በአፍንጫዬ እየተነፈስኩ፣ ሐኪሙ "ልጆች አሉሽ?" ይለኛል። በምን አፌ ልመልስ! ላቦራቶሪው አዲስ አበባ ነው፣ ሁለት ሳምንት ተባልኩ። በሦስተኛው ሳምንት ብደውል መንገድ ተዘግቷል። በአምስተኛው "ነገ"። የጎንደርን ነገ ታውቁታላችሁ።

ሲመጣ ደግሞ ቤቱ ሁሉ ሳቀብኝ። እናቴ በሽታው ወስፋት ነው ብላ ከደመደመች ቆይታለች። ሰገራ ተመርምሬ ምንም የለብሽም ተብዬም የዱባ ፍሬ ታስቆረጥመኛለች። በየትኛው ጥርሴ እንደሆነ እንጃ! ሐኪሙ ማታ ማታ ቡና ተይ ብሎኛል ስላት እንደ ስድብ ነው የወሰደችው። "በረካውን ረግጠሽ ልትሄጂ?"

የሌሊቱ ውኃ ደግሞ አለ። ሰፈራችን ውኃ በፈረቃ ነው፣ ሲመጣም ዘጠኝ ሰዓት ሌሊት ነው። ጎረቤታችን አጥር ላይ ሆነው "ውኃ መጥቷል!" ሲሉ ጀሪካን ይዤ እወጣለሁ፣ ናይት ጋርዱ አፌ ውስጥ እንዳለ። "እሺ እትዬ" ለማለት "እፊ እፍዬ" አልኩ። በማግስቱ ግቢው ሁሉ ሰክራ ነው የምታድረው ብሎኛል።

ያም ሆኖ ለምጄው ነበር። ማፋጨቱን አያቆምም፣ ያንን ሐኪሙም አልደበቀኝም፤ ከጥርሴ ይልቅ እሱ ይበላ ነው ነገሩ። በሁለተኛው ወር አንድ ጠዋት ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳሁት። በቀኝ በኩል፣ መንጋጋ ጥርሶቼ በሚያርፉበት፣ ጎድጎድ ጎድጎድ ብሏል፤ አይጥ የቀመሰው ሳሙና ይመስላል። ያ ሁሉ በኔ ጥርስ ላይ ያርፍ ነበር ብዬ ሳስብ ዘገነነኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደ ወርቅ ነው የያዝኩት። በቀዝቃዛ ውኃ፣ በለስላሳ ብሩሽ፣ አድርቄ በሳጥኑ። ሙቅ ውኃ ቅርጹን ያበላሸዋል ተብሎ ተነግሮኛል። ለኔ! ለእናቴ ማን ነገራት? እኔው መንገር ነበረብኝ፣ እሺ፣ ይኼ የኔ ጥፋት ነው።

ደግሞ "ጭንቀት ቀንሺ" የምትሉኝ! ሐኪሙም ብሎኛል፣ ጓደኞቼም፣ ባለቤቴም። ከየት ላይ ልቀንስ? ከመብራቱ? ከዘይቱ? ልጆቹ ትምህርት ቤት ደርሰው እስኪመለሱ ስልክ ስልክ ከማየቱ? ቀን ሙሉ ችዬ ውዬ ሌሊት ጥርሴ ላይ ቢወጣ ምን ይገርማል።

የተቀቀለውን ላጥልቀው ብዬ ሞክሬ ነበር። በግራ ይገባል፣ በቀኝ ቁጭ አይልም። ክሊኒክ ስደውል ያልገጠመ ነገር መንጋጋሽን ይጎዳዋል፣ እንዳታደርጊው አሉኝ። ምን ነካው ሲሉኝ "ወደቀ" አልኩ። ተቀቀለ እንዴት ብዬ ልበል?

እንግዲህ እንደገና ሊጥ፣ እንደገና ለሃጭ፣ እንደገና ከኪሴ፣ እንደገና "ነገ"። እስከዚያ ባለቤቴ ትራሱን ይዞ ሳሎን ገብቷል። እናቴ ደግሞ አሁን ይኼን ስጽፍ የዱባ ፍሬ እየቆላች ነው።