ፒስ ሆልን ያቆየው ጎመኑ ነው

በሰሜን እንግሊዝ፣ ዮርክሸር ውስጥ፣ ሃሊፋክስ የምትባል በሱፍ ጨርቅ የበለጸገች ከተማ አለች። የአሮጌ ከተሞች እድሳት ሲነሳ እሷም መጠቀሷ አይቀርም። ይገባታል። ግን ሁሌ የሚወደሰው የሕንፃው ውበት ብቻ መሆኑ አይዋጥልኝም።

ሕንፃው ፒስ ሆል ይባላል፤ የተከፈተው በ1779 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። መሐሉ ሰፊ ግቢ ነው። ዙሪያውን በአምድ የተያዘ በረንዳ፣ ከበረንዳው ጀርባ 315 ትንንሽ ክፍሎች። የየኮረብታው ሸማኔ ቤቱ የሠራውን ጣቃ ይዞ ይመጣል፤ ነጋዴው ክፍሉ ድረስ ሄዶ ይገዛል። ገበያው ቅዳሜ ነበር። ደወል ሲደወል ይጀምራል፣ ሲደወል ያበቃል። ለጥቂት ሰዓት ገበያ ይህን የሚያህል ግንባታ!

ፋብሪካ ሲመጣ የእጅ ሽመናው ከሰረ፣ ክፍሎቹም ጭር አሉ። ከ1871 ጀምሮ ግን ግቢው አትክልት ተራ ሆነ። ለመቶ ዓመት ገደማ ጎመኑም ዓሣውም እዚያ በጅምላ ተሸጠ። አንዳንዱ ይህን ዘመን እንደ ውርደት ያየዋል። እኔ ሕንፃውን ያቆየው ጎመኑ ነው ባይ ነኝ። ሰው የሚሠራበትን ቤት ማን ያፈርሳል? ይፍረስ የሚለው ሐሳብ የበረታው በ1970ዎቹ፣ ገበያው ሊለቅ ሲል ነው። ለጥቂት ተረፈ።

የከተማዋ ሌላው ቅርስ ዲን ክላፍ የሚባለው ግዙፍ የምንጣፍ ፋብሪካ ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሲዘጋ ኧርነስት ሆል የተባለ ባለሀብት ገዛው። ፒያኖ ተጫዋችም ነበር። ሠዓሊውን፣ ቲያትረኛውንና ቢሮ ፈላጊውን ጎን ለጎን አስገባ። ሙዚየም ላድርገው አለማለቱ ነው የበጀው።

ፒስ ሆልም በብዙ ሚሊዮን ፓውንድ ታድሶ በ2017 በድጋሚ ተከፈተ። ዛሬ ሱቅና ካፌ አለው፤ ቀን ቀን መግቢያው ነፃ ነው። በበጋ ግን ትልልቅ ኮንሰርት ይዘጋጅበታል፤ ያን ምሽት ትኬት የሌለው አይገባም። በሙዚቃው ጠብ የለኝም፣ ገንዘቡም ያስፈልጋል። ቦታው የተሠራው ግን ትንሹ አምራች ሥራውን ይዞ ገዢ ፊት እንዲቀርብ ነበር። አስተዳዳሪው የበጎ አድራጎት ድርጅት ነው፤ ከኮንሰርቱ ገቢ ቆንጥሮ ጥቂት ክፍሎችን ለጀማሪ ሸማኔ፣ ለልብስ ሰፊና ለሸክላ ሠሪ በርካሽ ኪራይ ቢሰጥ አይጎዳም። ቅዳሜ ቅዳሜም የቦታ ሳይከፍሉ ግቢው ውስጥ ይሽጡ።