ሴቶቹ ሲያሸንፉ የት ነበራችሁ?

ወገኖቼ፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። በተለይ ኳስ ወዳድ ነን የምትሉትን። ቅዳሜና እሁድ ዲኤስቲቪ ቤት ወንበር የምትሻሙትን፣ የማንቸስተርን ተጠባባቂ በረኛ እንደ ጎረቤታችሁ ልጅ የምታውቁትን።

የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሴቶች ቡድን በረኛ ማን ናት? አምበሏስ? ዝም አላችሁ። ቡድኑን ለአፍሪካ መድረክ ያበቃው አሰልጣኝ ብርሃኑ ግዛው ይባላል። የቀሩትን ስሞች ራሳችሁ ፈልጉ፣ ስልኩ እንደሆነ ከእጃችሁ አይጠፋም።

እነዚህ ልጆች የሠሩትን ልንገራችሁ። በ2013 ማብቂያ ናይሮቢ ላይ ለአፍሪካ ሴቶች ቻምፒየንስ ሊግ የሚያሳልፈውን የሴካፋ (የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ) ማጣሪያ ፍጻሜ ደረሱ። የቡድኑ አጥቂ ሎዛ አበራ የውድድሩ ኮከብ ጎል አግቢ ሆነች። ግን በኬንያው ቪሂጋ ኩዊንስ 2 ለ 1 ተሸነፉ። በ2015 ዩጋንዳ ላይ እንደገና ፍጻሜ ደረሱ፤ በዚህኛው ደግሞ የታንዛኒያው ጄኬቲ ኩዊንስ በመለያ ምት ቀማቸው። ሌላ ቡድን ቢሆን እዚህ ላይ ይበተን ነበር። እነሱ በዓመቱ ተመለሱ። እንቁጣጣሽ ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ እዚሁ አዲስ አበባ አበበ ቢቂላ ስታዲየም፣ የኬንያውን ፖሊስ ቡሌትስ 1 ለ 0 አሸንፈው ዋንጫውን አነሱ። በዚህ ውድድር ለአህጉሩ ፍልሚያ የበቃ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ክለብ ሆኑ።

ህዳር 2017 ሞሮኮ ሄዱ። ምድባቸው ውስጥ የዋንጫው ባለቤት የደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ፣ የናይጄሪያው ኤዶ ኩዊንስና የግብጹ ማሳር ነበሩ። ከምድቡ አላለፉም። ይሄኔ አንዳንዶቻችሁ ከእንቅልፋችሁ ነቅታችሁ «አላልኩም?» አላችሁ። ሲያሸንፉ ያልነበረ ሰው ሲሸነፉ ተንታኝ ይሆናል!

የባሰው ሌላ ነው። ሴቶቹ ዋንጫ ካነሱ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ፣ በዚያው ሜዳ የዚያው ባንክ ወንዶች ቡድን በታንዛኒያው ያንጋ 1 ለ 0 ተሸነፈ። ዛንዚባር ላይ ደግሞ 6 ለ 0። ወንዶቹን ልነቅፍ አይደለም፤ ከታች አድገው በመጀመሪያው ዓመት ፕሪምየር ሊጉን የበሉ ጎበዞች ናቸው። የምነቅፈው እናንተን ነው። ስድስቱን ጎል ካፌ ለካፌ፣ ታክሲ ለታክሲ ስትከራከሩበት ከረማችሁ። ዋንጫው ላይ ስንት ደቂቃ አወራችሁ?

ሰበባችሁን አውቀዋለሁ። «የሴቶች ኳስ ይቀዘቅዛል» ትላላችሁ። 90 ደቂቃ ሙሉ ተቀምጣችሁ ያያችሁት መቼ ነው? ወንዶቹ ብሔራዊ ቡድናችን ለ31 ዓመት ከአፍሪካ ዋንጫ ሲርቅ ታግሳችሁ የጠበቃችሁ እኮ እናንተው ናችሁ። በዚያ ሁሉ ድርቅ መሃል፣ በ1997 መግቢያ ላይ፣ ሉሲዎቹ፣ የሴቶች ብሔራዊ ቡድናችን፣ በአፍሪካ ሴቶች ሻምፒዮና ደቡብ አፍሪካ ላይ አራተኛ ወጥተዋል። ይህን የሚያነሳ ሰው ስንቴ ሰማችሁ? ትዕግስታችሁ ለወንድ ብቻ ነው የተሠራው?

«ሰዓቱ አይመችም» የሚልም አለ። ለአውሮፓ ጨዋታ እስከ እኩለ ሌሊት አፍጥጦ፣ ጠዋት ሥራ ላይ የሚያንቀላፋው ሰው ነው ይህን የሚለው። ቤቲንግ ቤት ለመቆም ሰዓት አይጠፋም።

አርሰናል ነኝ የምትለው ወንድሜ፣ አንተን ለብቻህ ልያዝህ። ግንቦት 2017 ሊዝበን ላይ የአርሰናል ሴቶች ባርሴሎናን 1 ለ 0 አሸንፈው የአውሮፓ ቻምፒየንስ ሊግን በሉ። ሁለተኛቸው ነው፤ የመጀመሪያውን በ1999 አንስተውታል። ወንዶቹ እስከዚያ ቀን ነክተውት የማያውቁትን ዋንጫ ማለት ነው። ያን ቀን ማሊያህን ለብሰህ ወጣህ? ወይስ ክለብህ የሚጫወተው ወንዶቹ ሲጫወቱ ብቻ ነው? በዚያው ሜዳ የተሸነፈችው ባርሴሎና እንኳ ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብላ ካምፕ ኑ ላይ ለሴቶች ጨዋታ ከ91,000 በላይ ሰው አስገብታለች።

የእኛ ነገር ግን ከሜዳው በፊት ቤት ውስጥ ይጀምራል። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል» እያለ ያደገ ጆሮ፣ ልጅቷ ኳስ ስትይዝ መጀመሪያ የሚያስበው ጉልበቷን ሳይሆን «ማን ያገባታል?» የሚለውን ነው። ሰፈር ውስጥ ወንዳ ወንድ ትባላለች። ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ የቡድኑ ፎቶ ሲወጣ ከሥሩ ስለ ወጥ ቤት የምትቀልዱ አላችሁ። ከዱራሜ የተነሳችው ሎዛ ማልታ ሄዳ የሊጉ ኮከብ ጎል አግቢ ስትሆን ግን «የኛ ልጅ» አላችኋት። መቼ ነው የእናንተ የሆነችው? ሰፈር ውስጥ ስትራገጥ ወይስ ፈረንጅ ካጨበጨበላት በኋላ?

ለሯጮቻችን ቦሌ ድረስ ከበሮ ይዘን መውጣት እናውቅበታለን። ደራርቱን የማይወድ የለም። ግን ሩጫ አንድ ሰው፣ አንድ ቀን፣ አንድ ሜዳሊያ ነው። ክለብ እንደዚያ አይኖርም። ክለብ በየሳምንቱ ሰው ይፈልጋል፤ ዝናብም ቢሆን፣ ተጋጣሚው ስም የሌለው ቡድን ቢሆንም። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) በአህጉሩ የወንዶች ውድድር የሚሳተፍ ክለብ የሴቶች ቡድን እንዲኖረው ይጠይቃል። ጥሩ ሕግ ነው። ግን ወንበሩ ባዶ ከሆነ ቡድኑ ለፋይል የሚያዝ ወረቀት ይሆናል፤ በጀት ሲጠብም መጀመሪያ የሚቆረጠው እሱ ነው። የባንክ ኃላፊም ሰው ነው፣ የሚያየው ማን እንደሚጮህ ነው።

ዋሽንግተን ያላችሁትንም አልተዋችሁም። ሎዛ በፈረንጆቹ 2024 ለከተማችሁ ክለብ ለዲሲ ፓወር ፈርማ ደጃችሁ ድረስ መጣች። በየዓመቱ ሰኔ ማብቂያ ላይ ለኢትዮጵያውያን የኳስ ዝግጅት ክፍለ ሀገር አቋርጣችሁ የምትነዱ ሰዎች ናችሁ። የክለቡ ሜዳ ኦዲ ፊልድ በሜትሮ ስንት ፌርማታ ነው?

አባቶችም ስሙ፣ ወንድ ልጃችሁን ሜዳ ስትወስዱ እህቱን አስከትሉ። ደጋፊ ማኅበራትም ከበሮውና ጡሩምባው መጋዘን ከሚከርም ለሴቶቹ ጨዋታ አውጡት። ስፖርት ጋዜጠኞችም የአውሮፓ ዝውውር ወሬ ለሁለት ሰዓት ስታነቡ፣ የሴቶች ፕሪምየር ሊግን ውጤት መጨረሻ ላይ በአንድ ትንፋሽ አትጨርሱት። ማን አገባ? በስንተኛው ደቂቃ? ማን አቀበላት? ይህን ንገሩን። የሚቀጥለው ዙር ፕሮግራም ሲወጣም ቀኑንና ሜዳውን ከነሰዓቱ አስቀድማችሁ አሰሙን፤ ያኔ «አልሰማሁም» የሚል ካለ ወደ እኔ ላኩት።