«የት ነው የተማርከው?» ዕድሜ ይስጥልን!

የአክስቴ ልጅ ባለፈው ክረምት ለባንክ ቃለ መጠይቅ ገብቶ በአራት ደቂቃ ወጣ። ያጠናው አካውንቲንግና ፋይናንስ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ስለ ብሔራዊ ባንክ መመሪያ፣ ስለ ወለድ ስሌት፣ ስለ ውጭ ምንዛሪ ሲያነብ ነበር ያደረው። አንዱንም አልተጠየቀም። ከሦስቱ ጠያቂዎች መሀል የተቀመጡት ሰውዬ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው፣ «የት ነው የተማርከው?» አሉት። ነገራቸው። «እሱ ደግሞ በየት በኩል ነው?» ነገራቸው። «አየሩ እንዴት ነው?» ሞቃት ነው አላቸው። «በል እንደውልልሃለን።»

ይኸው ነው። እኔ ግን ይህን ስሰማ ኮራሁ። ሰው ዓመታት የለፋበትን በአራት ደቂቃ መመዘን ቀላል ጥበብ አይደለም። ሐኪም እንኳ ደም ሳያስመረምር አይናገርም። የእኛ ጠያቂ የግቢህን ስም ሲሰማ ጭንቅላትህ ውስጥ ያለውን ያውቀዋል።

የጥያቄው ጥልቀት የሚገባችሁ ምደባውን ስታስታውሱ ነው። እኛ ዘንድ ተማሪው ምርጫ ይሞላል፣ ትምህርት ሚኒስቴር ይመድባል። አሁን እንኳ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ሆኖ በራሱ ፈተና ይቀበላል። በአክስቴ ልጅ ጊዜ ግን የሚደርስህ የደረሰህ ነበር። አንደኛ ምርጫው አዲስ አበባ ነበር። የማን አልነበረም? ምደባው የወጣ ቀን ስልኩን ሲከፍት ስሙን ሰምቶት የማያውቅ ከተማ መጣለት። አክስቴ «ወይኔ ልጄ!» ብላ በሶ ልታስፈጭ ሮጠች። እሱም ብርድ ልብሱንና ባልዲውን ይዞ ሁለት ቀን በአውቶቡስ ተጓዘ።

እንግዲህ ሰውዬው «የት ነው የተማርከው?» ሲሉት የጠየቁት «ኮምፒውተሩ የት ወረወረህ?» ብለው ነው። የፈተኑት ዕጣ ክፍሉን ነው። ባንክ ደግሞ ዕጣ ይወዳል። «ይቆጥቡ፣ ይሸለሙ» እያለ መኪና የሚያወጣው ማን ሆነና!

ልጁ የዋህ ነው። የመውጫ ፈተናዬን ያዩልኛል ብሎ ነበር። ፈተናው ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በመላ ሀገሪቱ የሚሰጥ ነው። ስድስት ኪሎ የተማረውም፣ ጠረፍ የተማረውም ያንኑ ጥያቄ ይፈተናል። ማለፊያው 50 ነው፤ እሱ 81 አምጥቷል። ወረቀቱን ሲያሳያቸው በስተግራ የተቀመጡት ሴትዮ፣ «ይሄንንማ ሁሉም ነው የሚፈተነው» አሉት። እውነታቸውን ነው። ሁሉም የሚፈተነው ፈተና ምኑን ፈተና ሆነ?

የጂፒኤው አተረጓጎም ደግሞ ይበልጥ ያስደንቀኛል። ከአዲስ አበባ 2.8 ይዘህ ስትመጣ፣ «እዚያ እኮ ውጤት አይገኝም፣ ጎበዝ ነው» ትባላለህ። ከሩቅ ግቢ 3.8 ይዘህ ስትመጣ፣ «እዚያ ውጤት እንደ ዳቦ ነው የሚታደለው» ይሉሃል። ከዚያው 2.8 ይዘህ የመጣህ እንደሆነማ፣ «እዚያም?» ብለው ያዝኑልሃል። ቅኔ ነው እኮ! ሰሙ ቁጥር፣ ወርቁ ከተማ።

አንዳንድ ክፉ ሰዎች ይህን አድልዎ ይሉታል። እኔ የነዳጅ ቁጠባ እለዋለሁ። ኮሜርስ፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የንግድ ትምህርት ቤት፣ ለዓመታት የኖረው ሰንጋ ተራ ነው። የባንኮቹም ፎቅ የተደረደረው እዚያው ሰፈር ነው። ከ30 በላይ ባንክ ባለበት ሀገር፣ ከመስኮቱ ሥር የሚያልፈውን ተማሪ ትቶ ሰመራና አሶሳ ድረስ ሰው ፍለጋ ማን ይደክማል? ብልሆቹማ መድኃኒቱን አግኝተውለታል። በማታ አዲስ አበባ ማስተርስ ይማሩና የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን እንደ ጋቢ ያለብሱታል። «የት ነው የተማርከው?» ሲባሉ፣ «ስድስት ኪሎ።» ውሸት የለበትም።

ቦታው የተሰጠው ለሰፈራችን ልጅ ነው። የአዲስ አበባ ምሩቅ ነው፤ እውነትም ጎበዝ ልጅ። ባለፈው ቅርንጫፉ ጎራ ብዬ በመስታወቱ አየሁት። ስለ ካፒታል ገበያ ተምሮ የመጣው ልጅ፣ ጣቱን እርጥብ ስፖንጅ ላይ ነካ እያደረገ ያረጁ ባለ አስር ብሮች ይቆጥራል። ማሽኑ ትርርር ይልና አንዱን ይተፋል። ልጁ አቃንቶ መልሶ ያስገባዋል። ማሽኑ መልሶ ይተፋዋል። ይህን ሥራ ከሩቅ ግቢ የመጣ ልጅ ይዞት ቢሆን ብዬ አሰብኩና ዘገነነኝ። አሥሩን ዘጠኝ ብሎ ይቆጥረው ነበር።

ታርጌትም አለበት፤ አዲስ አካውንት ማምጣት። ሁለት ቅዳሜ አክስቴ ቤት መጣ። ቡና ተፈላለት። የአክስቴ ልጅ የፋይዳ መታወቂያውን አወጣና ቅጹን ሞላ። ገረመኝና ቅጹን ተቀብዬ ላይ ታች አየሁት። ስም አለ፣ ስልክ አለ፣ የእናት ስም አለ። የት ተማርክ የሚል የለም። ብር አስገቢ ስትሆን ዩኒቨርሲቲህን አይጠይቁም።

እንዲህ ያለ እኩልነት ያየሁት አንድ ሌሊት ብቻ ነው። መጋቢት 7 ቀን 2016 ሊነጋ ሲል፣ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ተበላሽቶ ሂሳብ ላይ የሌለ ብር ሲሰጥ፣ ተማሪው በየግቢው ኤቲኤም ተሰልፎ አደረ። ባንኩ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ እንደወጣ ተናገረ። ኤቲኤሙ አንዱንም ልጅ የት ነው የምትማረው አላለውም። ቅርብም ሩቅም ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች ከዚያ በኋላ «ብሩን መልሱ» የሚል ማስታወቂያ አወጡ። የራቁት ግቢዎች በየት በኩል እንደሆኑ የባንክ ሰዎች ያጠኑት ያን ሰሞን ሳይሆን አይቀርም።

አሁን ደግሞ የውጭ ባንኮች እንዲገቡ ተፈቅዷል፤ ምክር ቤቱ አዋጁን ያጸደቀው በታኅሣሥ 2017 ነው። ሲመጡ ልምድ ያለው ሰው መፈለጋቸው አይቀርም። የእኛ ባለ መነጽር ሰውዬም ሲቪያቸውን ይዘው እንደሚሰለፉ አልጠራጠርም። ከጠረጴዛው ማዶ ከለንደን የመጣ አንድ ወጣት ይቀመጣል።

«የት ነው የተማሩት?»

«አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ።»

«እሱ ደግሞ በየት በኩል ነው?»

ይነግሩታል።

«አየሩስ?»