እርማት፦ ማቲው ሄንሰን የፒሪ አሽከር ብቻ አልነበረም

ስለ ተዘነጉ ጥቁር አሳሾች የሚተርከውን የሬዲዮ ድራማ ተከትሎ፣ ስለ ጥቁር አሜሪካዊው አሳሽ ማቲው ሄንሰን «ሄንሰን ወደ ሰሜን ዋልታ የሄደው የሮበርት ፒሪን ጓዝ ለመሸከም ነው» የሚል አስተያየት ተሰንዝሯል። አባባሉ የቆየ ቢሆንም የተሳሳተ ነው። እርግጥ ነው፣ አሜሪካዊው የባሕር ኃይል መኮንንና አሳሽ ፒሪ እ.ኤ.አ. በ1887 ለኒካራጓ የቦይ ቅየሳ ሲሄድ የቀጠረው በግል አገልጋይነት ነበር፤ ስህተቱ ከዚያ በኋላ ያለፉትን ሁለት አሥርት ዓመታት በዚያው ቅጥር መለካቱ ላይ ነው። ሄንሰን የኢኑይቶችን (የአርክቲክ ነባር ሕዝብ) ቋንቋ አቀላጥፎ ይናገር፣ የበረዶ ጋሪዎቹን በእጁ ይሠራና ይጠግን፣ ውሾቹንም ከኢኑይቶቹ በተማረው ስልት ይነዳ ነበር። በ1909 የሰሜን ዋልታ ጉዞ የመጨረሻ ምዕራፍ ላይ ከፒሪ ጋር የቀጠሉት እርሱና አራት ኢኑይቶች፣ ማለትም ኡታ፣ ኢጊንግዋ፣ ሲግሉና ኡኪያ ብቻ ነበሩ (የአራቱ ስምማ ጭራሽ ሲነሳ አይሰማም)። በአንጻሩ «ዋልታውን መጀመሪያ የረገጠው ሄንሰን ነው» ብሎ መደምደምም ጥንቃቄ ይሻል፤ የፒሪ የጉዞ መዝገብ እስከ ዛሬ ስለሚያከራክር፣ ቡድኑ ትክክለኛው ነጥብ ላይ መድረሱ አልተረጋገጠም። ሄንሰን የኒውዮርኩ የአሳሾች ክበብ አባል የሆነው በ1937 ሲሆን፣ አጽሙ በ1988 ወደ አሜሪካው የአርሊንግተን ብሔራዊ መካነ መቃብር ተዛውሮ ከፒሪ መቃብር አጠገብ አርፏል።