የተረፈውን ክኒን አትጣሉት

ድሬዳዋ ላይ የጫት ምርቃናን ለመስበር የሚያገለግለው ጨብሲ አረቄና ቢራ ብቻ አይደለም። በፍሬ የሚሸጥ ትራማዶል (ኃይለኛ የሕመም ማስታገሻ) እና ዲያዜፓምም (የሚያረጋጋና የሚያስተኛ ክኒን) አለ። ሱሱ ያስጨንቀናል፣ ልክ ነው። እኛን ይበልጥ የሚያስፈራን ግን ክኒኑ ውስጥ ምን እንዳለ ሻጩም ገዢውም አለማወቃቸው ነው።

በሐኪም የሚታዘዘው የትራማዶል ካፕሱል በብዛት 50 ሚሊግራም ነው፤ የአዋቂ የቀን ጣሪያ 400። በአፍሪካ በኮንትሮባንድ የሚዘዋወረው ላይ 225 ወይም 250 ተጽፎ ይገኛል። ጽሑፉም አይታመንም። በድብቅ የሚጠፈጠፍ ክኒን ውስጥ ስታርች፣ ታልክ ወይም ሌላ መሙያ ይገባል፤ ዋናው ንጥረ ነገር ከመሙያው ጋር እኩል ላይደባለቅ ይችላል። በርበሬ ላይ ጨው በእጅ የደባለቀ ያውቀዋል፦ አንዱ ጭብጥ አልጫ፣ ሌላው ጨው በጨው። ፌንታኒል፣ ከትራማዶል እጅግ የበረታ ማደንዘዣ፣ ከተቀላቀለ ደግሞ 2 ሚሊግራሙ ሰው ሊገድል ይችላል። ስለዚህ «ትናንት ከዚሁ ማሸጊያ ውጬ ምንም አልሆንኩም» ማለት ስለ ዛሬው ፍሬ ምንም አይነግረንም።

ጫቱ የክኒኑን ማደንዘዝ ይሸፍናል። ምርቃናው ሲወርድ ትንፋሽም አብሮ ይወርዳል፣ ያውም በእንቅልፍ ሰዓት። ቤተሰብ ከባድ ማንኮራፋት ሲሰማ «ተመስገን፣ ተኛ» ይላል። እባካችሁ ቀስቅሱት። ካልነቃ፣ ትንፋሹ በደቂቃ ከ10 ካነሰ፣ ከንፈሩና ጥፍሩ ከገረጣ ወይም የዓይኑ ብሌን እንደ መርፌ ጫፍ ከጠበበ፣ አንዱም ቢሆን፣ ወደ አምቡላንስ 907 ደውሉ። እየተነፈሰ ከሆነ በጎኑ አስተኙት። ወተት፣ ሎሚ፣ ቡና አታጠጡት፤ ራሱን የሳተ ሰው ወደ ሳንባው ይገባበታል።

ሆስፒታል ናሎክሶን፣ የትራማዶልና የፌንታኒል ማርከሻ፣ ከተሰጠው ሊነቃ ይችላል። ነገር ግን ናሎክሶን የሚቆየው ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ገደማ ነው፤ ትራማዶል ከዚያ በላይ ይቆያል። ነቃ ብሎ ወደ ቤት መውሰድ አደጋ ነው። ዲያዜፓምን ናሎክሶን አይመልሰውም፣ የትራማዶልን የሚጥል በሽታ መሰል መንቀጥቀጥም አያቆምም። ፓራሲታሞል ተቀላቅሎ ከሆነ ጉበቱ እየተጎዳ የመጀመሪያውን ቀን ደህና ሊመስል ይችላል፤ መድኃኒቱ ሌላ ነው፣ የሚሠራውም ቶሎ ሲሰጥ ነው።

ሐኪሙ ይህን የሚለየው በምን? አንዱ ፍንጭ ቤተሰብ ፖሊስን ፈርቶ ሽንት ቤት የሚጥለው ክኒንና ማሸጊያ ነው። በድሬዳዋው ድልጮራም በሐረሩ ሕይወት ፋናም ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል በር ላይ «ያመጣችሁት ክኒን ለሕክምና ነው፣ ለክስ አይደለም» የሚል በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛና በሐረሪ ይለጠፍ፤ ቃሉም ይጠበቅ። እናንተም የተረፈውን ፍሬ ከነማሸጊያው በወረቀት ጠቅልሉ፤ ስንት እንደዋጠ፣ በስንት ሰዓት፣ ምን እንደጠጣበት ጽፋችሁ ለሐኪሙ ስጡ።